ልጁ ሲጠይቅ፦ የኦነሲሞስ ነሲብና የአስቴር ጋኖ የንባብ መጽሐፍ (1894) ለኢሉባቦር የሕፃናት አገልግሎት ያለው ፋይዳ

አጽሕሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ በመቱና በኢሉባቦር ከተሞች በሚገኙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ለሕፃናት የሚሰጠውን የእምነት ትምህርት፣ ከአካባቢው ታሪክ ጋር ከተሳሰረ አንድ ሰነድ ጋር እያስተያየ ይመረምራል። ሰነዱ በሁሩሙ አቅራቢያ የተወለደው ኦነሲሞስ ነሲብና ከሊሙ እናርያ የመጣችው አስቴር ጋኖ እ.ኤ.አ. በ1894 ያሳተሙት የአፋን ኦሮሞ የንባብ መጽሐፍ ነው። ጽሑፉ የሰነድ ምርመራንና አጥኚዋ በሕፃናት ክፍል ያገለገለችበትን ጊዜ ትዝብት ያጣምራል። የሚያቀርበው መከራከሪያ በጥያቄና መልስ ላይ ያተኩራል፤ በካቴኪዝም መንገድ ጠያቂው ዘወትር መምህሩ ሲሆን፣ በእንቆቅልሽ ግን ልጁም በተራው ጠያቂ ይሆናል። ይህ የተራ ልውውጥ ወደ ሰንበት ክፍል ቢገባ የልጁን ቋንቋና ጥያቄ የትምህርቱ መነሻ ለማድረግ እንደሚረዳ ያሳያል፤ በመጨረሻም ለክፍል የሚሆን አካሄድ ይጠቁማል።

ቁልፍ ቃላት፦ የሕፃናት አገልግሎት፣ የእምነት ትምህርት፣ እንቆቅልሽ፣ ካቴኪዝም፣ ኢሉባቦር

1. መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አጥኚዋ ከኢሉባቦር ከተሞች በአንዷ፣ በአንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን፣ የሕፃናት ክፍል ታስተምር ነበር። የዕለቱ ትምህርት በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የሚገኘው የጠፋው በግ ምሳሌ ነበር። ታሪኩ አልቆ ጥቅስ በቃል ማጥናት ሊጀመር ሲል፣ ስምንት ዓመት ገደማ የሚሆነው አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «እረኛው ሲሄድ ዘጠና ዘጠኙን ማን ጠበቃቸው?» ሲል ጠየቀ። መምህርቱ የሰጠችው መልስ «መጀመሪያ ጥቅሱን እናጥና» የሚል ነበር። ጥቅሱ ተጠና፤ ጥያቄው ግን ሳይመለስ ቀረ። ልጁ ከዚያ በኋላ በክፍሉ ውስጥ እጁን ሲያወጣ አልታየም።

ይህ ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ የቤተሰቡን ከብት የሚጠብቅ ነበር። መንጋን ሜዳ ላይ ትቶ መሄድ ምን እንደሚያስከትል ከመምህርቱ ይልቅ እርሱ ያውቀዋል። ጥያቄውም ከምሳሌው ውጭ አልነበረም። በሉቃስ 15፥4 እረኛው ዘጠና ዘጠኙን በምድረ በዳ እንደሚተዋቸው ተጽፏል፤ በእረኝነት ሒሳብ ሲታይ ይህ አደገኛ ውሳኔ ነው። የምሳሌው ኃይልም እዚህ ላይ ነው፤ ለአንዲት በግ ሲባል የሚደረገው ፍለጋ ከተለመደው ስሌት ያልፋል። ልጁ የቆመው እንግዲህ በትምህርቱ ዋና በር ላይ ነበር፤ በሩን የዘጋችበት መምህርቱ ናት።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ያ ገጠመኝ ነው። ጽሑፉ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ በሰንበት የሕፃናት ክፍል የልጁ ጥያቄ ቦታ ያጣው ለምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ይህን ቦታ ለመመለስ የሚያስችል ልምድ በአካባቢው ታሪክ ውስጥ ይገኛልን? በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. የሰንበት ክፍሉ አመጣጥ

በኢሉባቦር ልጆችን በእምነት የማስተማር ልማድ ከአንድ ምንጭ የፈለቀ አይደለም። ቀዳሚው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የንባብ ቤት ነው። በዚያ ሥርዓት ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ በንባብ ልምምድ አልፎ መዝሙረ ዳዊትን ይደግማል። የቃሉ ድምፅ ይቀድማል፤ ትርጓሜው ኋላ በሚመጡት የትምህርት ደረጃዎች ይከፈታል። በዚህ መንገድ በልጅነት የተያዘ ቃል በእርጅናም እንደማይጠፋ የሚመሰክሩ ካህናትና ምእመናን ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ በቃል መያዝን እንደ ኋላ ቀር ዘዴ ማየት ስሕተት ይሆናል።

ሁለተኛው ምንጭ የወንጌላውያን ሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን በ1920ዎቹ በጎሬ ከተማ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ ከዚያ እንቅስቃሴ የተወለደችው የቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያንም በ1974 ከኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጋር ተዋህዳለች። በደርግ ዘመን በምዕራብ ኢትዮጵያ ብዙ የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች ተዘግተው እንደነበር ይታወቃል። አምልኮ ከአዳራሽ ወደ ቤት ሲሸሽ የልጆች ትምህርትም ዳግመኛ በወላጅ እጅ ወደቀ።

ዛሬ በከተሞቹ የምናየው የሕፃናት ክፍል ቅርጹን በአመዛኙ የወሰደው ከሦስተኛ ምንጭ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት እንቅስቃሴ ነው። ይህ እንቅስቃሴ በስፋት የሚያያዘው በእንግሊዝ አገር በግሎስተር ከተማ በ1780 ከተነሣው ከሮበርት ሬክስ ስም ጋር ነው። የሬክስ ተማሪዎች በሳምንቱ ቀናት በሥራ የሚውሉና ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል የሌላቸው የድሆች ልጆች ነበሩ፤ ስለዚህ ሰንበት ማንበብ የሚማሩበት ቀን ሆነላቸው። መምህር፣ ክፍል፣ የተማሪ መጽሐፍና የቃል ፈተና የመጡት ከዚህ ነው። ጆን ዌስተርሆፍ በ1976 ባሳተመው ሥራው የተቸውም ይህንኑ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን እምነትን በትምህርት ቤት አምሳል ማስተላለፍ ስትጀምር፣ ልጁ ከማኅበረ ምእመናኑ ጋር በመኖር የሚማረው ነገር ወደ ጥግ ይገፋል ይላል።

ትችቱ በኢሉባቦር ከተሞችም ይሠራል። በአጥኚዋ ትዝብት የተለመደው አካሄድ እንዲህ ነው፤ ስብከት ሲጀመር ልጆቹ ከአዳራሹ ይወጣሉ፤ ከአራት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያሉት በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ፤ ራሷ ገና ተማሪ የሆነች ወጣት በእንቅስቃሴ የታጀበ መዝሙር ታዘምራለች፤ ታሪክ ትነግራለች፤ ጥቅስ ታስጠናለች። በዚህ ላይ የቋንቋ ጉዳይ ይታከላል። አብዛኞቹ ልጆች በሳምንቱ ቀናት በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ፤ በአፋን ኦሮሞም ይጫወታሉ። መዝሙሩና የመምህሩ መምሪያ ግን ብዙ ጊዜ በአማርኛ ነው። ልጁ ጥቅሱን በአንድ ቋንቋ ይዞ፣ ጥያቄውን በሌላ ቋንቋ ያስባል። ሁለቱን ቋንቋዎች አጣምሮ የሚናገር ልጅ እንኳ ለጨዋታ የሚቀናው አንደኛው ነው።

3. ከሁሩሙ እስከ እምኩሉ

ለዚህ ችግር አስተማሪ የሆነው ታሪክ የሚጀምረው ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ከምትገኘው ከሁሩሙ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ የተወለደው በዚህች ቦታ አቅራቢያ በ1856 ገደማ ነው። አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ። ኋላ ለስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን በጻፈው የሕይወት ታሪኩ መሠረት በ1869 በባሪያ ነጋዴዎች ተጠልፎ በስምንት ባለቤቶች እጅ አለፈ። በ1870 በምጽዋ ቬርነር ሙንሲንገር ነፃ አወጣውና በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባ። በ1872 የትንሣኤ ዕለት ተጠመቀ፤ ከዚያም ወደ ስዊድን ሄዶ በዮሃነሉንድ ተማረ።

የአስቴር ጋኖም ልጅነት ከዚህ የተለየ አልነበረም። በሊሙ እናርያ በባርነት ተይዛ፣ ባሕር ተሻግራ በዐረብ አገር ልትሸጥ ስትወሰድ፣ ጀልባዋን የኢጣሊያ መርከቦች በ1886 ያዟት። እርሷም ነፃ ወጥታ ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት መጣች። ኦነሲሞስ በጀመረው የትርጉም ሥራ ውስጥ የእርሷ የቋንቋ ዕውቀት የማይተካ ሆነ። ለመዝገበ ቃላት የሚሆኑ ቃላትን ሰበሰበች፤ ወደ 500 የሚጠጉ እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችንም በጽሑፍ አኖረች። ከነዚህ ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው የአፋን ኦሮሞ የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ከአገሯ የተነጠቀች ልጅ ቤተሰቧን፣ መንደሯንና ነፃነቷን አጥታለች። ባሪያ ነጋዴ ሊወስድባት ያልቻለው በልጅነቷ የሰማችውን ጨዋታ ነው። ለልጆች የሚሆን መጽሐፍ ማዘጋጀት ሲያስፈልግ ከዚያ ስንቅ አወጣች። እናቶች በምሽት እሳት ዳር ለልጆቻቸው የሚያወርዱት ነገር ምን ያህል ሩቅ እንደሚጓዝ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

የሕትመቶቹ ቅደም ተከተልም ትርጉም አለው። ሐዲስ ኪዳን በአፋን ኦሮሞ በ1893 ወጣ፤ የንባብ መጽሐፉ በ1894 ተከተለ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ታተመ። የንባብ መጽሐፉ በሁለቱ መካከል የቆመው ያለ ምክንያት አይመስልም። የተተረጎመ መጽሐፍ አንባቢ ይፈልጋል፤ አንባቢ ደግሞ ልጅ ሆኖ ይጀምራል። አዘጋጆቹ ለዚህ ልጅ ፊደል ሲያስቆጥሩ የመረጡለት ጽሑፍ በአብዛኛው አስቀድሞ በጆሮው የሚያውቀውን ነው። እንግዳ የሆነው ፊደሉ ብቻ ነበር፤ ቃሉ የቤቱ ነው። በ1904 ሁለቱም ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ወለጋ ገብተው በነቀምቴ ትምህርት ሲጀምሩ ይዘውት የሄዱት ይህንን ልምድ ነው።

ዛሬ ግን አንድ ምፀት አለ። መጽሐፉ የታተመው በግእዝ ፊደል ነው። ከ1991 ወዲህ አፋን ኦሮሞ በቁቤ ስለሚጻፍ፣ የሁሩሙ የመጀመሪያ ክፍል ተማሪ በገዛ አካባቢው ተወላጅ የተዘጋጀለትን መጽሐፍ አንሥቶ ማንበብ ይቸግረዋል። ስለዚህ ከመጽሐፉ የሚወረሰው ዋና ነገር ገጹ ሳይሆን አካሄዱ ነው፤ ልጁ በአፉ ከያዘው መጀመር።

4. ካቴኪዝምና እንቆቅልሽ፦ ሁለት የጥያቄ ሥርዓቶች

ካቴኪዝምና እንቆቅልሽ በቅርጽ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም በጥያቄና መልስ ይሄዳሉ፤ ሁለቱም አጭር፣ ምት ያለውና በቃል የሚያዝ ንግግር ይወዳሉ። ልዩነታቸው በተራው ላይ ነው።

በካቴኪዝም ጠያቂው መልሱን የሚያውቅ አዋቂ፣ መላሹ ደግሞ ልጅ ነው። አለማወቅ ጉድለት ተደርጎ ይቆጠራል። ማርቲን ሉተር በ1529 ትንሹን ካቴኪዝም ሲያዘጋጅ የቤት አባወራ ለቤተሰቡ እንዲያስተምርበት አስቦ እንደነበር ማስታወስ ይገባል። ጥያቄና መልሱ ከማዕድና ከጸሎት ጋር አብሮ የሚኖር የቤት ንግግር እንዲሆን ታቅዶ ነበር። ወደ ክፍል ሲገባ ያ ሙቀት ቀንሶ የፈተና ጠባይ ያዘ።

በእንቆቅልሽ ጨዋታ ግን ጠያቂነት በዙር ይሄዳል። በአማርኛ «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ» ይባላል። መላሹ ካልቻለ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገር ሰጥቶም መልሱን ይቀበላል። በአፋን ኦሮሞም «ሂቦ» በሚባለው ጨዋታ ተመሳሳይ ሥርዓት አለ። በዚህ ሥርዓት ሦስት ነገሮች ልብ ይባላሉ። የስድስት ዓመት ልጅ አያቱን ጠይቆ አገር ሊቀበላት ይችላል። አለማወቅ ዋጋ ቢኖረውም አያሳፍርም፤ የጨዋታው አንድ ክፍል ነው። መልሱ ሲገለጥም ያልመለሰው ሰው ይደሰታል፤ በሚቀጥለው ቀን ሌላውን የሚጠይቀው በዚያው እንቆቅልሽ ነውና።

መጽሐፍ ቅዱስም ልጁን በጠያቂነት ያውቀዋል። በዘጸአት 12፥26 የፋሲካ ሥርዓት ሲሰጥ፣ ልጆች የሥርዓቱን ትርጉም ሲጠይቁ ወላጆች ምን እንደሚመልሱ ታዟል። በዘዳግም 6፥20 ልጁ ስለ ሕጉ ይጠይቃል። በኢያሱ 4፥6 ከዮርዳኖስ የተወሰዱት ድንጋዮች የቆሙት ወደፊት ልጆች እንዲጠይቁባቸው ነው። በአይሁድ ቤት በፋሲካ ማዕድ ላይ ከሁሉ የሚያንሰው ልጅ ጥያቄዎቹን እንዲያነሣ የሚደረገው ልማድ ዛሬም አልቀረም። በሉቃስ 2፥46 ደግሞ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ኢየሱስ በመቅደስ የተገኘው መምህራኑን ሲሰማና ሲጠይቅ ነው። በእነዚህ ንባቦች ትምህርት የሚነሣው ከልጁ አፍ ነው፤ የአዋቂው ድርሻ ጥያቄ የሚያስነሣ ነገር በልጁ ፊት ማቆምና ሲጠየቅ መልስ ይዞ መገኘት ነው።

ከሥነ ልቡና አንጻርም ጄምስ ፋውለር በ1981 ባቀረበው የእምነት ዕድገት ደረጃዎች፣ ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ያለ ልጅ እምነቱን በታሪክ እንደሚይዝና ታሪኩንም ቃል በቃል እንደሚወስድ ይገልጻል። «ዘጠና ዘጠኙን ማን ጠበቃቸው?» የሚለው ጥያቄ በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅ ነው፤ ልጁ ታሪኩን እንደ እውነተኛ ነገር መቀበሉን ያሳያል። ጥያቄ የማያነሣ ልጅ ታሪኩን ገና ላይሰማው ይችላል።

5. ለክፍል የሚሆን አካሄድ

ከላይ ከተባለው በመነሣት በአንድ የሰንበት ክፍለ ጊዜ ሊሠራበት የሚችል ባለ አምስት ደረጃ አካሄድ ቀርቧል። ምሳሌው በማርቆስ 4፥31–32 ያለው የሰናፍጭ ቅንጣት ነው።

አንደኛ፣ መክፈቻው እንቆቅልሽ ይሁን። መምህሩ ከዕለቱ ንባብ አጭር እንቆቅልሽ ያዘጋጃል፤ ለምሳሌ «ሲዘሩት አይታይ፣ ሲያድግ ወፍ ያሳድር»። የልጆቹ የጨዋታ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ከሆነ በዚያው ቋንቋ ይዘጋጅ እንጂ ከአማርኛ አይተርጎም፤ እንቆቅልሽ ሲተረጎም ምቱ ይጠፋል።

ሁለተኛ፣ አገር ይሰጥ። ልጆቹ መልሱን ካላገኙ ጎሬን፣ ቡሬን፣ ሁሩሙን ወይም ያዮን ይሰጣሉ። የተሰጡት አገሮች በሰሌዳ ተጽፈው በክፍለ ጊዜው መጨረሻ የጸሎት ርዕስ ይሆናሉ። በዚህ መንገድ ጨዋታውና ጸሎቱ ሳይነጣጠሉ ይቀጥላሉ።

ሦስተኛ፣ ታሪኩ በልጆቹ አካባቢ ይነገር። የኢሉባቦር ልጅ ከዛፍ ጥላ ሥር የሚያድገውን የቡና ችግኝ ያውቃል፤ ከትንሽ ፍሬ ምን እንደሚወጣ ያየው በጓሮው ነው። መምህሩ ሥዕል ከመፈለጉ በፊት ልጆቹን ወደ ደጅ ይዞ ቢወጣ ይሻላል።

አራተኛ፣ ተራው ወደ ልጆቹ ይለፍ። ቢያንስ ሦስት ጥያቄዎች ከልጆቹ እስኪመጡ መምህሩ ይጠብቅ፤ እያንዳንዱንም ከነልጁ ስም በደብተር ይጻፍ። መልሱን ካላወቀ እርሱም አገር ይስጥ። በሚቀጥለው ሰንበት ከሽማግሌ ወይም ከመጋቢ ጠይቆ መልሱን ይዞ ይምጣ። መምህር አገር ሲሰጥ ያየ ልጅ፣ አለማወቅ ከእምነት እንደማያስወጣ ይማራል።

አምስተኛ፣ ጥቅሱ መጨረሻ ላይ ይጠና፤ እንቆቅልሹም ወደ ቤት ይሂድ። ልጁ ማታ ለወላጆቹ እንዲያቀርበው ይነገረው። ወላጅ ካላወቀ አገር ይሰጣል፤ ልጁም ታሪኩን ይነግረዋል። በዚህ ጊዜ የዕለቱ ትምህርት በልጁ አፍ ለሁለተኛ ጊዜ ይሰጣል ማለት ነው።

አጥኚዋ ይህንን አካሄድ ኋላ በዚያው ክፍል ሞክራዋለች። በመጀመሪያዎቹ ሰንበቶች ክፍሉ ጫጫታ በዛበት፤ ጥቅስ ለማጥናት የተረፈው ጊዜም አነሰ። ልጆቹ ግን የራሳቸውን እንቆቅልሽ ይዘው መምጣት ጀመሩ። ይህ የአንድ ክፍል ትዝብት ስለሆነ ለጠቅላላ ድምዳሜ አይበቃም፤ ለሰፊ ጥናት መነሻ መሆን ግን ይችላል።

6. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ቅዱሱን ነገር ጨዋታ ያደርገዋል የሚል ነው። ሥጋቱ ቀላል አይደለም። መልሱ ግን በእንቆቅልሹ ጠባይ ውስጥ አለ፤ እንቆቅልሽ በአገራችን ባህል የአእምሮና የሥነ ምግባር ማሠልጠኛ እንጂ ባዶ ማሳለፊያ ሆኖ አልኖረም። በመጽሐፈ መሳፍንት ሳምሶን እንቆቅልሽ ይጠይቃል፤ የሳባ ንግሥትም ሰሎሞንን በእንቆቅልሽ ፈትናዋለች።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጥያቄ ማብዛት አስተምህሮን ያላላል የሚል ነው። እንቆቅልሽ ግን መልስ የሌለው ክርክር አይደለም፤ የተወሰነ መልስ አለው። እንዲያውም የዘዴው ድክመት በተቃራኒው በኩል ነው፤ መልሱ አንድ ብቻ ስለሆነ መምህሩ አራተኛውን ደረጃ ከዘለለው አካሄዱ ተመልሶ ፈተና ይሆናል። ክብደቱ ያለው በተራው ልውውጥ ላይ ነው።

ሦስተኛው የመምህራን ሥልጠና ጉዳይ ነው። ወጣት አገልጋዮች ለከባድ ጥያቄ ሳይዘጋጁ መቆማቸው እውነት ነው። ሆኖም ዘዴው ከመምህሩ የሚፈልገው ሁሉን ማወቅን አይደለም፤ የልጁን ጥያቄ ጽፎ መያዝንና በሚቀጥለው ሰንበት መመለስን ነው። ጥያቄዎቹ የተጻፉበት ደብተር በዓመቱ መጨረሻ ለአጥቢያው ሽማግሌዎች ቢቀርብ፣ ልጆቹ በእውነት የሚያስቡት ምን እንደሆነ ያሳያል፤ ለቀጣዩ ዓመት ትምህርትም ከማናቸውም የውጭ መምሪያ የቀረበ ምንጭ ይሆናል።

7. ማጠቃለያ

ጽሑፉ የሰንበት ክፍል የልጁን ጥያቄ ያጣው በመምህራን ክፋት ሳይሆን በወረሰው የትምህርት ቤት ቅርጽና በቋንቋ መለያየት እንደሆነ ለማሳየት ሞክሯል። በኢሉባቦር ምድር የተወለደ ሰውና ከሊሙ የመጣች ሴት ከመቶ ዓመታት በፊት ልጆችን ለማስተማር ሲነሡ፣ ልጆቹ አስቀድመው የሚያውቁትን ጨዋታ በገጹ ላይ አሰፈሩላቸው። ይህ አካሄድ ዛሬም ይሠራል። በመሆኑም በአካባቢው ያሉ አጥቢያዎች የአያቶችን እንቆቅልሽና ተረት በቁቤ እንዲያሰባስቡ፣ የሕፃናት መምሪያዎችን ከዚያ ተነሥተው እንዲያዘጋጁ፣ ክፍሎችን ቢያንስ በሁለት የዕድሜ ደረጃ እንዲለዩና በየክፍሉ የጥያቄ ደብተር እንዲያኖሩ ጽሑፉ ይጠቁማል። ለቀጣይ ተመራማሪዎችም የ1894ቱን መጽሐፍ እንቆቅልሾች ዛሬ በሁሩሙና በመቱ ልጆች አፍ ካሉት ጋር ማነጻጸር ፍሬያማ የጥናት መስክ ይሆናል።

የመጀመሪያው ጥያቄ በአጥኚዋ ደብተር የተጻፈው ዘግይቶ ነው። ልጁ ከዚያ ክፍል ከወጣ ቆይቷል። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ግን ከነስሙ ሰፍሯል፤ የጠፋው በግ ምሳሌ በተነገረ ቁጥር ልጆቹ የሚጠየቁት በእርሱ ጥያቄ ነው።